እናትን በአደራ መስጠት

እናቱን መጦሪያ ቤት ያስገባ ልጅ አክብሯታል ወይስ ጥሏታል? ይህን ጥያቄ በልቅሶ ቤት፣ ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደን አውቶቡስ ውስጥ፣ ከቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና ፈረቃቸውን ጨርሰው በሚመለሱ ሴቶች መካከል ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ብዙ ጊዜ ጥያቄውና ፍርዱ አብረው ነው የሚመጡት። እኔ ግን እዚሁ ከተማ በአንድ መጦሪያ ቤት፣ እኛ በዕብራይስጥ «ቤት አቮት» በምንለው፣ በተንከባካቢነት ስለምሠራ ነገሩን በፍርድ ልዘጋው አልችልም። በር ላይ ሻንጣ ይዞ የቆመውን ልጅ አያለሁ፤ ልጁ ከሄደ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጡትን እናትም አያለሁ።

የቤተ እስራኤል አባቶቻችን በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራና በትግራይ ሲኖሩ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ከምርቃት ሁሉ የሚበልጠው «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነበር፤ ልጅ ያልወለደ እንኳ የወንድም ልጅ፣ የእህት ልጅ፣ ጎረቤት አለው። መጦር የአንድ ሰው ሸክም ሆኖ አያውቅም፤ መንደር ይሸከመው ነበር። እዚህ እስራኤል ያ መንደር የለም። ያለው ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ ባል በሌሊት ፈረቃ፣ ሚስት በቀን ፈረቃ የሚወጡበት። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአረጋውያን እንክብካቤ መድን ብዙ ቤተሰብ አግዟል፤ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ተንከባካቢ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ክፍያውን ቢቱአሕ ለኡሚ፣ ብሔራዊ የመድን ተቋሙ፣ ይሸፍናል። ብዙ ሽማግሌዎቻችንም እስከ መጨረሻው በቤታቸው ወይም በልጆቻቸው ቤት ነው የሚኖሩት። ነገር ግን የመርሳት በሽታው ሲጠና፣ እናት ሌሊት ጋዙን ከፍተው ሲረሱት፣ ወንዝ ልውረድ ብለው መኪና ወደሚበርበት ጎዳና ሲወጡ፣ እነዚያ ሰዓታት አይበቁም። ያን ጊዜ ልጅ ወደ መጦሪያ ቤት እጁን ይዘረጋል። ለዚህ ልጅ «ጣላት» ማለት ለሰሚው ቀላል ነው፤ እውነት ይሁን አይሁን ግን መመርመር አለበት።

ከ800 ዓመት በፊት ሁለት ሊቃውንት በዚሁ ጉዳይ ተለያይተዋል። በግብፅ ይኖር የነበረውና ራሱም ሐኪም የነበረው ራምባም፣ ሙሴ ማይሞኒደስ፣ ሚሽኔ ቶራ በተባለው የሕግ መጽሐፉ እንዲህ ያስተምራል፦ አባቱ ወይም እናቱ አእምሯቸው የታወከበት ልጅ እንደ ሁኔታቸው ሊይዛቸው ይጣር፤ መታወኩ በዝቶ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ግን ትቷቸው ሊሄድ ይችላል፣ በሚገባቸው መንገድ እንዲይዟቸው ሌሎች ሰዎችን ካዘዘ። የፕሮቫንሱ ራቫድ ይህን አልተቀበለም። ልጁ ራሱ ትቶ ከሄደ ማንን ነው ጠብቁ ብሎ የሚያዘው? ብሎ ተቃወመ። እኛ ቤተ እስራኤል እነዚህን መጻሕፍት ያገኘናቸው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው፤ አባቶቻችን በግእዝ የተጻፈውን ኦሪት ከቄሶች አፍ እየሰሙ ኖረዋል። የራቫድ ቁጣ ግን ለጆሮዬ እንግዳ አይደለም። የገዛ ሽማግሌዎቻችን ድምፅ ነው።

እኔ ከራምባም ጋር ነኝ። ነገር ግን ብዙዎች የሚጽናኑበት «ትቶ መሄድ ይችላል» የሚለው ክፍል ነው፤ ክብደቱ ያለው ግን «ሌሎችን ካዘዘ» በሚለው ላይ ነው። ይህ እኛ አደራ የምንለው ነው። ላሙን ለጎረቤት አደራ የሚሰጥ ገበሬ እንኳ የትኛዋ እንደምትዋጋ፣ የትኛዋ ጥጃዋ ፊቷ ካልቆመ ወተት እንደምትከለክል ተናግሮ ነው የሚሄደው። እናቱን የሚያስረክብ ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠን የመታወቂያ ቁጥር፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የልብስ ሻንጣ ነው። ሰውነታቸውን እንረከባለን፤ ሕይወታቸው ውጭ ይቀራል። አደራው ያልተሟላው እዚህ ላይ ነው። ለራቫድ የምሰጠው መልስም ከዚሁ ይነሣል፦ የሚታዘዝ ሰው የሚገኘው የሚናገር ልጅና የሚጠይቅ ቤት ሲገናኙ ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ላሳይ፤ ስምና ቤት አልጠቅስም። አንዲት የወገራ እናት እኛ ዘንድ ገቡ። ሰኞም ማክሰኞም ጸጥ ያሉ ናቸው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን ይነሣሉ፣ ኮሪደሩን ይመላለሳሉ፣ ቀሚሳቸውን ሊያወልቁ ይታገላሉ። መዝገባቸው ላይ «የምሽት መረበሽ» ተብሎ ተጻፈ፤ የማረጋጊያ መድኃኒት እንዲጨመርላቸው ሐሳብ ቀረበ። መዝገቡ ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይታወካሉ። ያልታየው ነገር መረበሹ የዓርብ ብቻ መሆኑ ነው። በመንደራችን ሴት ዓርብ ወንዝ ወርዳ ገላዋንና ልብሷን ታጥባለች፣ የሰንበቱን ዳቦ ትጋግራለች፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቷን ታጠፋለች። እኚህ እናት ሥራቸው ሳያልቅ ሰንበት የሚገባባቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ተጠይቃ ይህን ከተናገረች ወዲህ ዓርብ ቀትር ላይ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ይለብሳሉ። መረበሹ ቀረ፤ መድኃኒቱም አላስፈለገም።

ከዚህ የከበደው ዓርብ ማታ ላይ መጣ። በምግብ አዳራሹ የሰንበት ሻማ ይበራ ነበር። የወገራዋ እናት ነበልባሉን ሲያዩ ተነሥተው እፍ ብለው አጠፉት። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35 በሰንበት ቀን በቤት ውስጥ እሳት ማንደድን ይከለክላል፤ አባቶቻችንም ሕጉን የጠበቁት ከዋዜማው የነደደውን ጭምር በማጥፋት ነው፣ ሰንበትን በጨለማ ተቀምጠው ቀዝቃዛ ምግብ እየበሉ። ሻማውን የሚያበሩት ደግሞ ከሞሮኮ መጥተው ቂርያት ጋት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋር የገቡ እናት ናቸው፤ ለእሳቸው ሻማ ያልበራበት ቤት ሰንበት አልገባበትም። እናታቸው፣ አያታቸው ሲያበሩት ያዩትን መብራት ነው ሰው እፍ ያለባቸው። አለቀሱ። ሁለቱም የሚታዘዙት አንድ አምላክን ነው፤ ሁለቱም የሚያከብሩት አንድ ቀን ነው።

ስለ ጉዳዩ ስንመክር፣ እኩልነት እንዲኖር ሻማው ለሁሉም ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። በቅን ልቡና የቀረበ ነው፤ ነገር ግን ከሁለቱም እኩል ነጥቆ ለሁለቱም ምንም አለመስጠት ነው። በመጨረሻ ሻማው ከአዳራሹ ጎን ባለች ክፍል እንዲሆን ተደረገ፤ የሞሮኮዋ እናት እዚያ ከሌሎች ሴቶች ጋር ያበራሉ፣ ይጸልያሉ። የወገራዋ እናት ነበልባሉ በማይታይበት ጠረጴዛ፣ ዳቦው ተባርኮላቸው፣ እራታቸውን ይበላሉ። ሰንበት ጠዋት ሁለቱ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ፀሐይ ይሞቃሉ። ልዩነትን ማክበር ማለት ሁሉንም አደብዝዞ ማንንም የማይነካ ቤት መሥራት አይደለም። ለእያንዳንዱ ሃይማኖት ሙሉ ቦታ ሰጥቶ እንዳይጋጩ መድከም ነው። ድካሙም ጥበብም ያለው እዚያ ነው።

ወደዚህ ሥራ ከመግባቴ በፊት በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ የምግብ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። በማሸጊያ መስመር ላይ አንዱ ከሌላው መለየቱ ብልሽት ነው፤ የተለየው ተነሥቶ ይጣላል። በዚያው ቀጠና ትልቅ ፋብሪካ ያለው ኢንቴል አንዱ ፋብሪካው የሌላውን አሠራር እስከ ትንሿ ዝርዝር ድረስ ሳያዛንፍ እንዲቀዳ በሚያዝ ደንቡ በዓለም የታወቀ ነው። ለኮምፒውተር ቺፕ ይህ ልክ ነው፤ ከተማችንም የምትበላው ከዚህ ጥንቃቄ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው ይኸው አስተሳሰብ ከቀጠናው ወጥቶ መጦሪያ ቤት ሲገባ ነው። የሌሊት ፈረቃ ከመውጣቱ በፊት ሁሉም ይቀሰቀሳሉ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይታጠባሉ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት እርጎ ይበላሉ። ማንም አልተበደለም፤ ማንም ግን አልታወቀም።

ከቂርያት ጋት ወደ ባሕሩ ሲወርዱ፣ የግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ ላይ፣ አስቀሎን አለች። በታልሙድ ሊቃውንቱ አባትንና እናትን ማክበር እስከ ምን ድረስ ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ አርአያ አድርገው ያቀረቡት አይሁዳዊ ያልሆነውን የአስቀሎኑን ዳማ ቤን ኔቲናን ነው። ብዙ ትርፍ የሚያስገኝ ንግድ መጣለት፤ የሣጥኑ ቁልፍ ግን በተኛው አባቱ ራስ ሥር ነበር። ትርፉን ትቶ አባቱን አልቀሰቀሰም። ይህን ታሪክ የምንናገረው ልጆቻችንን ልናስተምርበት ነው፤ እኔ ግን ሽማግሌ ለፈረቃ ቅያሬ ሲባል ሲቀሰቀስ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ ጎሕ ሳይቀድ በሬ ጠምዶ የኖረ ገበሬ በጠዋት መነሣቱን ይወደዋል። ዕድሜውን ሙሉ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሠራ ሰው ግን ረፋዱ ድረስ መተኛት ልማዱ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለማወቅ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል። ሊቃውንቱ መምህር ያደረጉት የሌላ ሕዝብ ሰው መሆኑም በከንቱ አይደለም። አጠገቤ የሚሠሩት ከሕንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከኔጌቭ በደዊኖች መካከል የመጡ ናቸው፤ የሰውን እናት በክብር ማጠብ የየትኛውም ሕዝብ የብቻ ርስት እንዳልሆነ በእጃቸው ሲያስመሰክሩ አያለሁ።

አንድ አባት ደግሞ ለጠዋት ጸሎት ሲጠሩ «እኔ አይሁድ አይደለሁም» ይሉ ነበር። ፊታቸው በፍርሃት ይለወጣል፣ ድምፃቸው ይወርዳል። ለጸሎት የሚጠራቸው ሰው ግራ ተጋባ፤ ቅር ያላቸው ነዋሪዎችም ነበሩ። መልሱ የልጃቸው አፍ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ቤተሰቡ በእግሩ ሱዳን ገብቶ ገዳሪፍ አካባቢ በኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ተቀምጧል። እዚያ አይሁድ መሆን የሚደበቅ ነገር ነበር፤ ልጆች ስማቸውንና ሃይማኖታቸውን እንዳይናገሩ ይመከሩ ነበር። በመንገድና በካምፕ ወደ 4,000 የሚጠጋ ሕዝባችን እንዳለቀ ይነገራል። እኔም ያን መንገድ በልጅነቴ ሄጄዋለሁና የእኚያን አባት ዓይን ማንበብ አያስቸግረኝም። እምነታቸውን አልካዱም፤ ቤተሰባቸውን እየጠበቁ ነው። ከዚያ ወዲህ በኮሪደር ስማቸው አይጠራም። ቀረብ ብሎ ዘበኛ እንደሌለ፣ ልጆቹ በሰላም እንደገቡ የሚነግራቸው ሰው አለ። ወደ ኢየሩሳሌም አቅጣጫ ባለው መስኮት ቆመው በራሳቸው ዜማ ይጸልያሉ። ታሪካቸው ባይነገር ኖሮ «ይዋሻል» ወይም «አብዷል» የሚል ቃል ብቻ ይከተላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ስናገር «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» የሚል ዝርዝር ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ፈልጌ አይደለም። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከድንቁርና የሚሻለው በጥቂቱ ነው። ከትግራይ የመጡ አባት በአማርኛ ስለተነገራቸው ቋንቋቸውን አገኙ ማለት አይደለም፤ ልባቸው ያለው በትግርኛ ነው። የግንባር ንቅሳታቸው የመስቀል ቅርጽ ያለው እናት አሉ፤ በክርስቲያን ጎረቤት መካከል ያደጉ አንዳንድ ሴቶቻችን እንዲህ ተነቅሰዋል። አንዳንዷ ታፍርበታለች፣ ለአንዳንዷ የልጅነት ጌጧ ነው። ቡና ሲፈላ ደስ የማይላቸው፣ እንጀራ የማይፈልጉ፣ የዕብራይስጥ ዜና ሳያዳምጡ የማይተኙ ሽማግሌም አሉ። በዓመት አንድ ቀን ከበሮ መትቶ «የኢትዮጵያውያንን ባህል አክብረናል» ማለት እነዚህን ሰዎች አላገኛቸውም።

ሰውን በወገኑ ብቻ ማየት የት እንደሚያደርስ ሕዝባችን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ከኢትዮጵያውያን እስራኤላውያን የተለገሰ ደም በኤች አይ ቪ ሥጋት ምክንያት ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይታይ ሲደፋ እንደነበር ታወቀ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ያ በክፋት ይሁን በስንፍና፣ ሥሩ አንድ ነው፦ በአንዱ ሰው ፋንታ ወገኑን ማየት። በበጎ ልብ ለሁሉም እንጀራ የሚያቀርብም ከዚህ ሥር ፈጽሞ አልተነቀለም። ስለ ወገን ማወቅ ትክክለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳል፤ መልሱ ግን ከሰውየው ወይም ከሚያውቀው ሰው መምጣት አለበት።

የመርሳት በሽታን እንክብካቤ ከለወጡት አሳቢዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቶም ኪትውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፉ ሰው መሆን በግንኙነት ውስጥ ሌሎች ለአንድ ሰው የሚሰጡት ማዕረግ ነው ብሎ ተከራከረ። ከዚህ ሐሳብ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልቀበለውም። ሌሎች የሚሰጡት ከሆነ ሌሎች ሊነፍጉትም ነው። ኦሪት ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠረ ካለን፣ ስሟን የረሳችው እናት ሰውነቷን ከእኛ አትለምንም። በእኛ እጅ ያለው ያን ክብር ማወቅ ወይም አለማወቅ ነው። ስለዚህም ነው እንክብካቤ የምንለው ነገር ከቸርነት ይልቅ ዕዳ ነው የምለው።

የሚቃወሙኝ አሉ፤ ምክንያታቸውም ከባድ ነው። የመጀመሪያው ጊዜ የለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ እጅ ያንሳል፣ ደመወዙ ያንሳል፣ ለዚህ የሚጠየቀው መንግሥት ነው። ነገር ግን ከላይ የነገርኳችሁ አብዛኞቹ መፍትሔዎች ከልጅ ጋር የአንድ ከሰዓት ጨዋታ የወሰዱ ናቸው፤ በየሳምንቱ ከሚረበሽ ሰው ጋር መታገል ከዚያ ይበልጥ ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ደግሞ ሁሉንም ፈቃድ ማክበር አይቻልም የሚል ነው። አዎ፣ አይቻልም። «ጥቁር እጅ አይንካኝ» የሚል ነዋሪ አጋጥሞኛል። በሽታው የተናገረው ነው ብዬ ልታገሥ እችላለሁ፤ ዳማም በሰው ፊት የመታችውን እናቱን አላሳፈራትም። ዳማ ግን ልጇ ነበር። እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ የእኔም እናት አለች። እዚህ ላይ ቤቱ ከሠራተኛው ጎን መቆም፣ ነዋሪውንም ሳያዋርድ «ይህ አይሆንም» ማለት አለበት። የአንዱን ሰው ክብር የምንጠብቅበት ምክንያት ሌላውን ለማዋረድ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጊዜው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ገብተዋል፤ ያን ቀን አርባ የሞላቸው ዛሬ ሰባን አልፈዋል። ከ160,000 በላይ የሆነው ሕዝባችን ከእንግዲህ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የእኛ ተራ ነው፤ ልጅ ሆነን መጥተን በዕብራይስጥ የተማርነው፣ የሠራነው፣ የተሟገትነው። የመርሳት በሽታ ኋላ የተማሩትን ቋንቋ ቀድሞ ሊወስድ ይችላል። ያኔ እኛ በአማርኛና በትግርኛ እንጮኻለን፤ ልጆቻችን በዕብራይስጥ ይመልሱልናል።

ስለዚህ አደራውን ገና ጤና ሳለን እናሰናዳ። ልጆች አያቶቻችሁን ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፦ በስንት ሰዓት መነሣት እንደሚወዱ፣ ማን ገላቸውን ቢነካ እንደሚከብዳቸው፣ ሰንበትን እንዴት እንደሚቀበሉ፣ በሱዳን ማንን እንደቀበሩ። ጻፉት፤ መጦሪያ ቤት ስትመጡ ከመድኃኒቱ ዝርዝር በፊት እሱን ስጡን። ነርስ የምትማሩ ወጣቶች የእናቶቻችሁን ቋንቋ አትጣሉ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የሚፈለግበት ቀን ይመጣል። መጦሪያ ቤቶችም ሰው ሲቀበሉ ስለ ሕይወቱ የሚጠይቅ ሰዓትና የሚሰማ ሰው ይመድቡ። ይህን ያደረገ ልጅ እናቱን አልጣለም፤ ትእዛዙን በሌሎች እጅ እየፈጸመ ነው። ይህን ያላደረገ ግን እናቱን ከራሱ ሳሎን ባያወጣትም አደራውን ገና አልተወጣም።